የሕክምና ትምህርት ለማን ይስማማል?

በከተማችን ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ሁሉ «ሐኪም ሁን» መባሉ የተለመደ ነው። ዘመድ ይህንኑ ይመኝለታል፤ ጎረቤትም ከወዲሁ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል። ልጁ ግን ራሱ ታሞ ካልሆነ በቀር ሕመምተኞች የተኙበትን ክፍል ገብቶ አላየም። እኛ እንደሚመስለን ነጥብ የሚያስረዳው ተማሪው ትምህርቱን ሊችለው መቻሉን ነው እንጂ ሥራው ለጠባዩ የሚስማማ መሆኑን አይደለም።

ይህ ጉዳይ በልደታ ለምንኖር ሰዎች ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በክፍለ ከተማችን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱትን ወጣቶች በመንገድ የሚመለከት ሰው ክብራቸውን ያያል፤ የሌሊቱን ተረኝነት፣ የቁስሉን ሽታ፣ ለቤተሰብ መርዶ መንገሩን ግን አያይም።

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት በኋላ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በዚያ መካከል ሐኪም እየተከተለ ሥራውን ለመመልከት ፋታ ያገኛል። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. በሌላ የሳይንስ ትምህርት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ወደ ሕክምና የሚገቡበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። አብዛኛው ተማሪያችን ግን የሚመርጠው ገና በለጋነቱ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የኮሌጅ ተማሪዎቻችሁ ምርጫቸውን ከመሙላታቸው በፊት ጥቂት ቀን በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል እንዲውሉ ብታደርጉ መልካም ነው እንላለን። በብዛት ተሰልፎ መጎብኘት አይጠቅምም፤ ሃያ ልጅ በር ላይ ሲቆም ትርፉ ሕመምተኛውን ማስጨነቅ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ከማለዳው የካርድ ክፍል ሰልፍ ጀምሮ እስከ ማታ ይቆዩ። ሕመምተኛው ሳይፈቅድ አይግቡ፤ ያዩትንም በደጅ አያውሩ። ሲገቡና ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በ1847 እ.ኤ.አ. ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና፣ ከሬሳ መመርመሪያ ወደ ወላዶች ክፍል የሚያልፉ ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ቢያዝ የእናቶች ሞት እጅግ መቀነሱን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም።

ደም አይቶ ራሱን ያዞረው ልጅ «አይሆንልኝም» ብሎ ቶሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ ይህ በልማድ የሚለቅ ነው። ይልቁንስ አንዲት አሮጊት ሕመማቸውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲነግሩት ትዕግሥቱ አለቀ ወይስ አላለቀም? ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መቆም የከበደውም ከጤና ሥራ ሁሉ አልወጣም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ባንድነት ያሠለጥን የነበረው፣ ምንጭ የሚያጠራና መጸዳጃ የሚያስቆፍር ሰው ከሐኪሙ ባላነሰ ስለሚያስፈልግ ነው። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚጨልም እናውቃለን።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የመምህሩ አንድ ደብዳቤና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈቃድ ነው።