የአጥቢያ ስምና ወሰን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአጥቢያን ስም ግን የሚያወጣው ነዋሪው ነው፤ በወንዙ፥ በዛፉ ወይም አስቀድሞ በሰፈረው ሰው ይጠራዋል። ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የተመደበ ወጣት ሹም አብርሃ ጅራ የሚለውን ስም በማኅተም ላይ ከማንበብ አልፎ፥ «አብርሃ ማን ነበር? ጅራስ?» ብሎ ሽማግሌ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የተዋዋሉት ውል የሱዳንን ወሰን ከኡም ሐጀር ወደ ገላባት፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ያወርደዋል። በዓመቱ የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ሻለቃ ጉዊን በመሬት ላይ ምልክት ሲተክል ግን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ከጎኑ አልነበረም። ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አልተቋጨም።

ስም ብቻውን ወሰን አይከልልም፤ ማን የት ሲያርስ እንደ ኖረ ግን ይመሰክራል። እንግዲህ ተማሪው በክረምት ዕረፍቱ፥ ሹሙም በሥራው መካከል ደብተር ይያዝ፤ የወንዙንና የኮረብታውን ስም፥ የአጥቢያውንም ወሰን ከነተናጋሪው ይመዝግብ። ሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ቢናገሩ ሁለቱንም ይጻፍ፤ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ የጻፈ ምስክር አይባልምና። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ የለም።