ሳያዩ መፍረድ፤ ስለ «ዲስኮ ኤሊሲየም» የቀረበ ሙግት

ሂስ ከራስ ሲጀምር ያምራልና እኔም ከራሴ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ተውኔት አጻጻፍ ለወጣቶች በተዘጋጀ ውይይት ላይ የቪዲዮ ጨዋታን አንሥቼ፣ «ጣትን አሠልጥኖ ኅሊናን የሚያስተኛ የጊዜ ሌባ» ስል አወገዝሁት። ንግግሬ ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ከሚያወግዟቸው ውስጥ የትኛውን አይተዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንዱንም አላየሁም ነበር። ያላየው ተውኔት ላይ ሂስ የሚጽፈውን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅፍ ኖሬ፣ በዚያች ዕለት ያንኑ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ተማሪዋ እንድመለከተው የጠቆመችኝ ሥራ «ዲስኮ ኤሊሲየም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ለኮምፒዩተር የቀረበ፣ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ የሚጫወተው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የተፀነሰው በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን በተሰባሰቡ ደራስያንና ሠዓልያን ሲሆን፣ ዋና ጸሐፊው ሮበርት ኩርቪትዝ፣ የሥዕሉ መሪ ደግሞ አሌክሳንደር ሮስቶቭ ነበሩ። ኩርቪትዝ ያንኑ የምናብ ዓለም በ2013 በልብ ወለድ መጽሐፍ አቅርቦት ብዙ ገዢ አላገኘም ነበር። ጨዋታው ግን በወጣበት ዓመት በአሜሪካ በተካሄደው ዓመታዊ የጨዋታዎች ሽልማት አራት ጊዜ ተሸለመ፤ በተከታዩ ዓመት የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚ ሦስት ሽልማቶችን ጨመረለት። ሽልማት ማስረጃ አይሆነኝምና እዚህ ላይ እተወዋለሁ። ወደ ሥራው እንግባ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መርማሪ ፖሊስ ሬቫሾል በተባለች ምናባዊ ከተማ፣ ማርቲኔዝ በተባለው የወደብ ሰፈር፣ በአንድ ርካሽ ሆቴል ወለል ላይ ከብርቱ ስካር ይነቃል። ስሙን አያውቅም፤ ሙያውን አያውቅም፤ የሚኖርበትን ዓለም እንኳ ረስቶታል። ከሆቴሉ ጓሮ ባለው ዛፍ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ሬሳ ከተሰቀለ ቀናት አልፈዋል። የወደቡ ሠራተኞች ማኅበር ዋይልድ ፓይንስ በተባለው ኩባንያ ላይ አድማ መትቷል፤ ሟቹም ኩባንያው የቀጠረው ታጣቂ ነበር። ከአርባ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በከተማዪቱ አብዮት ፈንድቶ የቆመው ኮምዩን በባዕዳን ጥምር ጦር ተደምስሷል፤ የረሸኑት ጥይት ጠባሳ ግን ከግድግዳው ላይ አልጠፋም። መርማሪው ኪም ኪትሱራጊ ከተባለ ጨዋና ትዕግሥተኛ ባልደረባው ጋር ገዳዩን ሲፈልግ የራሱንም ማንነት ይፈልጋል።

በዚህ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ክስ የሚመጣው ከጨዋታ ወዳጆች ራሳቸው ነው። «ውጊያ የለበትም፤ ንባብ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ካማረን መጽሐፍ እንገዛለን» ይላሉ። በእርግጥ ጽሑፉ ከአንድ ሚሊዮን ቃላት ይበልጣል፤ ራሱን የቻለ የውጊያ ሥርዓትም የለውም፤ ጠብ ሲነሣ እንኳ የሚፈጸመው በቃል ምልልሱ መካከል ነው። ነገር ግን ቃል ከድርጊት ተራ የወጣው ከመቼ ወዲህ ነው? በአገራችን «በላ ልበልሃ» ተባብለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚሟገቱ ባላጋሮች፣ አንዲት ጦር ሳይወረውሩ፣ በቃል ብቻ ርስት ያስነቅሉና ያስመልሱ ነበር። ተመልካቹም ያንን ሙግት እንደ ትልቅ ትርኢት ቆሞ ይከታተለው ነበር። በመድረክም ላይ አንዲት ቃል ትዳር ታፈርሳለች፤ ዙፋን ትገለብጣለች። እንግዲህ ቃልን የጨዋታው ሰይፍ ማድረግ ጉድለት ሊባል አይገባውም።

አንድ ትዕይንት ላንሣ። በሰፈሩ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ ባሏ ወጥቶ የቀረባት አንዲት የሠርቶ አደር ቤተሰብ ሴት አለች። መርማሪው ከወደደ ሰውየውን ይፈልግለታል፤ ካልወደደም ትቷት ያልፋል፤ ነገሩ ከግድያው ጋር ግንኙነት የለውምና የሚያስገድደው የለም። የፈለገ እንደሆነ ግን ባሏን በባሕር ዳር በተሠራው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ወድቆ፣ ሞቶ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ወደ ቤቷ ሄዶ መንገር ነው። አንባቢ ሆይ፣ በአገራችን መርዶ ለማንም እንደማይሰጥ ታውቃለህ። አፉ የተገራ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሰዓቱ ይጠበቃል፤ ጎረቤት ይዘጋጃል። እዚህ ግን መርዶ ነጋሪው አንተ ብቻ ነህ። አማራጭ ዐረፍተ ነገሮች በፊትህ ተደርድረዋል፤ ከእነርሱ አንዱን መርጠህ ለዚያች ሴት ትናገራለህ። እኔ በዚያች ቅጽበት ጣቴን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ለሌሎች አፍ ቃለ ተውኔት ስጽፍ፣ የጻፍሁት ቃል በሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ እንዲህ ያስፈራኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ኅሊናን ያስተኛል» ብዬ የተናገርሁትን ያን ጊዜ አስታውሼ አፈርሁ።

የሥራው ሌላ ብልሃት የመርማሪው ውስጣዊ ዓለም ነው። ችሎታዎቹ 24 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ድምፅና ጠባይ አላቸው። አመክንዮ ይናገራል፤ ርኅራኄ ይናገራል፤ ፈቃደ ልቡና «ጽና» ይላል፤ የሱስ ድምፅ መጠጥ ይለምናል፤ አንዱ ድምፅ እንደ ቤተ መንግሥት ተዋናይ እየሰገደ ሐሰትን ያስተምራል። ሁሉም በሰውየው ራስ ውስጥ ይከራከራሉ፤ ሁልጊዜም እውነቱን አይነግሩትም። አንዳንድ ሐያስያን ይህን «ግራ የሚያጋባ ጫጫታ» ይሉታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ምኑ ያደናግራል? እኛ «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ከዳኝ»፣ «አንጀቴ አልቆርጥ አለ»፣ «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» የምንል ሕዝብ ነን። አንዱን ሰው ለሆድ፣ ለልብ፣ ለአንጀትና ለኅሊና ከፋፍለን እርስ በርስ ስናሟግተው ኖረናል። የታሊን ጸሐፍት ለእያንዳንዱ ድምፅ ስምና ወንበር ሰጡት፤ በግሪኮች ተውኔት በመድረክ ዳር ይቆም የነበረውን የመዘምራን ጓድ ወስደው በሰውየው የራስ ቅል ውስጥ አስቀመጡት።

ሁለተኛው ክስ የሥነ ምግባር ነው። «ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰካራም ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ ይወስዳል፤ አፉ አይገራም፤ ለወጣቱ መጥፎ አርአያ ነው» ይባላል። ይህ ክስ በሕግ ፊት እንኳ ቀርቦ ነበር። ንግግሩ በሙሉ በድምፅ ተቀርጾ የወጣው የ2021 እትም በአውስትራሊያ የምደባ ቦርድ በዕፅ አጠቃቀም ምክንያት ፈቃድ ተነፈገው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን ይግባኙን የተመለከተው ቦርድ፣ ጨዋታው የዕፅን ጉዳት እንደሚያሳይና ተጫዋቹን ከዚያ መንገድ የሚያርቅ መሆኑን አይቶ ለአዋቂዎች ፈቀደው። የመጀመሪያው ቦርድ ዕፁ መኖሩን ቈጠረ፤ ሁለተኛው ዕፁ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። በሂስም ዘንድ ልዩነቱ ይኸው ነው። በጨዋታው ውስጥ መጠጥም ሆነ ዕፅ ለጥቂት ጊዜ ችሎታን ከፍ ያደርጋል፤ ዋጋውን ግን ከጤና ወይም ከሞራል ይቈርጣል። ስካሩ ያፈረሰው ትዳር፣ ያዋረደው ሙያና ያቃጠለው ወዳጅነት በየመንገዱ ይጠብቀዋል። ሰካራሙን ከመድረክ አባርረን ጨዋውን ብቻ ብናስቀር ከመድረኩ ላይ የሚወርደው ስካር አይደለም፤ ስካርን የምናይበት መስተዋት ነው።

ሦስተኛው ክስ፣ «ዕጣ ይወስነዋል» የሚለው ነው። መርማሪው ከባድ ነገር ሲሞክር በየገጻቸው ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያላቸው ሁለት ዳይሶች ይጣላሉ፤ ድምሩም ከችሎታው ጋር ተደምሮ ከሥራው ክብደት ጋር ይመዘናል። ሁለቱም 6 ቢያሳዩ ደካማው ይሳካለታል፤ ሁለቱም 1 ቢያሳዩ ብርቱው ይወድቃል። ተቺዎች «ታዲያ ልፋቴ የት ገባ?» ይላሉ። ልፋት አልጠፋም፤ አስቀድሞ የተመረመረ ፍንጭና የተነገረ ቃል ሚዛኑን ያቀልላል ወይም ያከብዳል። ከዚህ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ጨዋታው ለውድቀት የሰጠው ቦታ ነው። መርማሪው በሆቴሉ አዳራሽ ተነሥቶ አንድ የኀዘን ዘፈን ሊያዜም ይችላል። ዳይሱ ከከዳው ድምፁ ይሰበራል፤ መሳቂያ ይሆናል። ታሪኩ ግን አይቆምም፤ ያ የተሰበረ ድምፅ ራሱ ስለ ሰውየው ሕይወት ከተቃናው ዜማ ያላነሰ ይናገራል። በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ የወደቀ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውድቀቱን ተሸክሞ ወደፊት ይሄዳል። ሕይወትን የሚመስለው የትኛው እንደ ሆነ ለአንባቢ ፍርድ እተዋለሁ።

አራተኛው ክስ የፖለቲካ ነው፤ የሚገርመውም ከሁለት ወገን መምጣቱ ነው። አንዱ ወገን «የግራ ክንፍ ቅስቀሳ ነው» ሲል፣ ሌላው «በሁሉም ላይ የሚያላግጥ፣ አቋም የለሽ ነው» ይላል። አዘጋጆቹ በ2019 ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ማርክስንና ኤንግልስን በአደባባይ አመስግነዋል፤ አቋማቸውን አልሸሸጉም። በሥራቸው ውስጥ ግን ኮምዩኒስቱም፣ ፋሺስቱም፣ የገበያው አምላኪም፣ መካከለኛውን መንገድ የመረጠውም ከሽሙጣቸው አያመልጥም። ሽሙጡ ግን በአንድ ሚዛን የተሰፈረ አይደለም። ፋሺስቱን ሲገልጡት ከፉከራው በታች ያለውን ባዶነት ያሳያሉ፤ በወደቀው ኮምዩን ላይ ሲስቁ ግን ሳቁ ከለቅሶ የሚወጣ ነው። ከመድፍ ጉድጓድ አጠገብ ኳስ እየወረወሩ የሚጫወቱ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ አንዱ ለንጉሡ የተዋጋ ወታደር፣ ሌላው የልጅነት ባልንጀራውና በአንዲት ሴት ፍቅር ባላንጣው ነው። አብዮቱም፣ ጸረ አብዮቱም፣ ፍቅሩም አልፎ የቀራቸው ያ ጉድጓድና የጠዋት ጨዋታቸው ነው። የ1966 ዓ.ም. አብዮትና ከእርሱ በኋላ የመጣው ደም መፋሰስ በየቤቱ የተወውን ዝምታ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «አቋም የለሽ» ሊል የሚችል አይመስለኝም።

ጠበቃ ነኝና እንከን የለበትም አልልም። መርማሪው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲመላለስ ጉዞው ይሰለቻል። ቃላቱ አንዳንድ ቦታ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ አንድ ጥሩ አርታዒ መቀስ ቢያነሣ የሚጠቅም ገጽ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነው። ይህን ሥራ ለማየት ኮምፒዩተር፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የባዕድ ቋንቋ ጠልቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ሠርቶ አደሩ የተጻፈው ተውኔት ለብዙው ሠርቶ አደር የማይደረስበት መሆኑ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ቅሬታ ሥራው እንዲተረጎምና እንዲዳረስ ያነሣሣናል እንጂ እንዲናቅ ምክንያት አይሆንም።

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። እኛ የመድረክ ሰዎች ተመልካቹን በጨለማ አስቀምጠን ስለ ኃላፊነት ስንሰብከው ኖረናል። እርሱም ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ ይሄዳል፤ በመድረኩ ላይ ለተፈጸመው በደል የሚጠየቀው ገጸ ባሕርዩ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ተመልካቹ ራሱ ተናጋሪ ነው። ያቺን ሴት በደረቅ ቃል ቢያሳዝናት ያሳዘናት እርሱ ነው፤ ባልደረባውን ቢያዋርድ ያዋረደው እርሱ ነው፤ «ደራሲው ነው» ብሎ ማምለጫ የለውም። ይህ ለተውኔት ጥበብ የመጣ ጠላት ሳይሆን የተከፈተ አዲስ በር ነው። በሩን እኛ ካልገባንበት ሌሎች ይገቡበታል፤ ልጆቻችንም የሚያደምጡት የሌሎችን ቃል ብቻ ይሆናል።

ቲያትርም በአገራችን በተወለደ ጊዜ በጥርጣሬ የታየ ጥበብ ነበር። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን እገዳ ደርሶበታል። ከዚያ በኋላ በመጣው ትውልድ የተማርነው እኛ፣ ዛሬ በተራችን የከልካዩን ወንበር ይዘን ብንገኝ ታሪክ ይታዘበናል። አዲስ ጥበብ በመጣ ቁጥር ልንጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝ ነው፤ አይተነዋል? አይተን ብንነቅፍ ሂስ ይሆናል። ሳናይ ብንነቅፍ ግን፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ጭብጨባ ከመሻት አያልፍም።