ዳርክ ሞድን መስዋዕት የሚያስደርግ ጥበቃ

በፋየርፎክስ ብሮውዘር ውስጥ የዲጂታል አሻራ መከላከያው በሙሉ ሲበራ ዳርክ ሞድ ከድረ ገጾች ላይ ይጠፋል። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ በጨለማ ገጽ ላይ ቢሆንም መከላከያው ለየድረ ገጹ «ይህ ሰው ነጭ ገጽ ይመርጣል» የሚል ምላሽ ይሰጣል። የአዲስ አበባን ሰዓትም ስለሚደብቅ ድረ ገጾች ላይ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይታያል።

ምክንያቱ ከባድ ነው። ድረ ገጾች የስክሪን መጠንን፣ ቋንቋን፣ የፊደል ዓይነትንና ሌሎች ጥቃቅን መረጃዎችን አጠራቅመው ተጠቃሚውን ያለ ስምና ያለ ኩኪ ይለዩታል፤ አሻራ የሚባለው ይህ የመረጃ ስብስብ ነው። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ከተመረመሩት ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ከሌላው ሁሉ የተለየ አሻራ ነበራቸው።

ከዚህ ተነስቶ «ምስጢሩን የሚፈልግ ነጩን ገጽ ይቻል» የሚለው ምክር ግን ሚዛኑን የሳተ ነው። የገጽ ቀለም ምርጫ ሰውን ከሁለት ወገን በአንዱ ይመድባል፤ በሁለቱም ወገን ሚሊዮኖች አሉ። በደሃና ወረዳዋ አምደወርቅ ከተማ ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው በበኩሉ ለየድረ ገጹ «አማርኛ አስቀድምልኝ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ይህም በዓለም ካሉት ተጠቃሚዎች እጅግ ጥቂት ከሆኑት ጋር ያስቆጥረዋል። የስልኩ ሞዴል ሲታከልበት የሚቀሩት ይበልጥ ያንሳሉ። በኮምፒውተር ላይ ግን ያው መከላከያ ይህን አጋላጭ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ከመቀየሩ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለቀለሙ ፈቃድ አይጠይቅም።

የቀለሙ ምርጫ ለማን እንደሚጠቅምም መለየት ያስፈልጋል። ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው ለኦሌድ ስክሪን ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ያላቸው ኤልሲዲ ከጀርባው ዘወትር ስለሚበራ፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስልኩን በሶላር የሚሞላ ገበሬ ከጥቁር ገጽ የሚያተርፈው ነገር የለም። ሌሊት ብርሃን ዓይኑን ለሚያመው ሰው ግን ምርጫው ቅንጦት አይደለም። ይህ ሰው ነጩ ገጽ ሲበዛበት መከላከያውን በሙሉ ያጠፋዋል፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው።

ማንነትን ለመደበቅ የተሠራው ቶር ብሮውዘር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2012 ቶርን በዘጋበት ዓይነት ሁኔታ ከክትትል የሚሸሽ ጋዜጠኛ ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር አንድ መምሰል አለበት፤ ነጩ ገጽም ለእሱ ተገቢ ዋጋ ነው። የእሱን አደጋ ለሁሉም ልክ ማድረግ ግን ስህተት ነው።

ፋየርፎክስ ኋላ ላይ የቀለሙን ምርጫ ብቻ ከመከላከያው ነጥሎ ለማውጣት መንገድ ከፍቷል። መንገዱ ያለው ግን ተራ ተጠቃሚ በማይደርስበት፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ስውር ገጽ ውስጥ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ማብሪያ ወደ ተራው ሴቲንግ ያውጡት፤ በአማርኛም ይጻፉት።