ሐቅን በሶደቃ አንተካ



ጁሙዓ ተሰግዶ ሲወጣ በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም የመስጊድ በር ላይ ክራንች ተደግፎ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ከእነዚህ መካከል የቀድሞ ወታደር የሆነ አለ። እኛ ከኪሳችን የተገኘውን እንሰጠዋለን፣ እሱም ይመርቀናል፣ ልባችን ረክቶ ወደ ቤት እንሄዳለን። ዛሬ የምንናገረው ይህን መርካት የሚረብሽ ነገር ነው። ሶደቃ በሰጪው ፈቃድ የሚሰጥ ነው። በግዳጅ ላይ አካሉን ያጣ ሰው ጡረታ ግን የራሱ ሐቅ ነው። ሐቁ የተያዘበትን ሰው በአሥር ብር መሸኘትን ደግነት ብለን መጥራት የለብንም።

"መንግሥት ጡረታ አልሰጠውም እንዴ?" የሚል ይኖራል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አለ። ከሕጉ ወደ ሰውየው እጅ የሚያደርሰው መንገድ ግን በወረቀት የታጠረ ነው፤ ያንን አጥር የሚያሻግር ሰው ከሌለ ሐቁ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሆኖ ይቀራል።

ሕጉን እንየው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመከላከያና የፖሊስ አባላትን ያቅፍ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 ተክቶታል። የ714ቱን አዋጅ ብንወስድ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንዱ የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። ይህ በጤና ምክንያት መሥራት ላቃተው የሚከፈል ሲሆን ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆንን ይጠይቃል፤ 10 ዓመት ያልሞላው አንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ሌላው የጉዳት ጡረታ ነው። ይህ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ነው፤ ስንት ዓመት አገለገልክ ብሎ አይጠይቅም። ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ መሆኑ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠና በዚሁ ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት አቅቶት ከተሰናበተ፣ የደመወዙ 47 በመቶ ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፈለዋል።

አሁን 6 ዓመት ያገለገለ ወታደር እናስብ። በግዳጅ ላይ ቆሰለ፣ ሆስፒታል ተኛ፣ ተሰናበተ። ማህደሩ ላይ "በጤና ጉድለት" ተብሎ ከተጻፈ አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀብሎ ያበቃለታል። "በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት" ተብሎ ከተጻፈ ግን ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። የሁለት ሰው ሕይወት በአንድ ሐረግ ተለየ ማለት ነው። ማህደሩን ገልጦ "ይህ ሐረግ ትክክል አይደለም፤ ማስረጃውም ይኸው" የሚለው ማን ነው? ቁስለኛው ራሱ? እሱ ሁለቱ ጡረታዎች የተለያዩ መሆናቸውንም የነገረው የለም።

ሌላም አለ። የኛን አገር ሰው ስም አስቡት። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት፣ ሆስፒታል ሌላ ዓይነት፣ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ለኛ አንድ ስም ነው፤ ለማህደር ክፍል ግን ሦስት ሰው ነው። ጎማና ጌራ ገጠር ውስጥ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገረው አባት ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ሲደርሰው በአስተርጓሚ ያስነብባል። ካስነበበው ሁሉ "አልፈቀዱልህም" የምትለዋን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ለምን እንዳልተፈቀደ፣ የት ይግባኝ እንደሚባል፣ የይግባኙ ቀን መቁጠር መጀመሩን ሳያውቅ ደብዳቤው ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የይግባኙ መንገድም ቀላል አይደለም። የማህበራዊ ዋስትናውን ውሳኔ የሚቃወም ሰው አቤት የሚለው ለማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ነው። ጉባዔው ስለ ፍሬ ነገሩ የወሰነው የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚኬደው የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ብቻ ነው። ይህ ማለት የጉዳቱ ማስረጃ፣ የጓዶች ምስክርነት፣ የሐኪም ወረቀት በጊዜው ተሟልቶ ካልቀረበ በኋላ ማቃናት እጅግ ከባድ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሆነው ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነው። በክራንች፣ በአውቶቡስ፣ የአልጋ ከፍሎ፣ "ነገ ተመለስ" እየተባለ።

ታዲያ "ለጡረታ ምን ጠበቃ ያስፈልጋል?" የሚሉንን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። አጋሮ ላይ ነጋዴ ሚዛኑን አዛብቶ የገበሬውን ጀንፈል ቢመዝን ዝም ትላላችሁ? አትሉም። ሚዛኑን የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ እንደገና ይመዘን ትላላችሁ። የሰው ጉዳት በመቶኛ ሲመዘን ግን፣ ከ10 በታች ወይም ከ10 በላይ መሆኑ የአንድ ቤተሰብን እንጀራ ሲወስን፣ ሚዛኑን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቁም ማለት ቅንጦት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ያለፉበት መንገድ ያስተምራል። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ በ1864 እ.ኤ.አ.፣ ጠበቃ ከቀድሞ ወታደር የጡረታ ጉዳይ ላይ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል በሕግ ገደቡ። ሐሳቡ ወታደሩን ከአጭበርባሪ መጠበቅ ነበር። ዋጋው ሁሉ ተለውጦ 10 ዶላሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆየ። በ10 ዶላር የሚቆምለት ጠበቃ ስላልተገኘ ወታደሩ ብቻውን ቀረ። የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔም በአብዛኛው ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ አይችልም ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ነው ሕጉን ለውጠው ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ፍርድ ቤት ያቋቋሙት። ወታደሩን ከጠበቃ "የጠበቀው" ሕግ ከሐቁ ነው የጠበቀው።

የኛስ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት ይላል። ጥሩ ነው፤ እንደግፈዋለን። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ያዛል። ነገር ግን በስርቆት ለተከሰሰ ሰው የሚቆም ጠበቃ አስበን፣ እግሩን በግዳጅ ላይ ላጣ ሰው ራፖር ጸሐፊ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጽፍለትን ማመልከቻ ይበቃዋል ማለት ሚዛን ያጣ ነገር ነው። ያ ክፍተት ባዶ አይቀርም፤ "እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ ከውዝፉ ግማሹ የኔ" የሚል ጉዳይ ገዳይ ይሞላዋል።

አንዳንድ ወንድሞች "ለማን ብሎ ነው የዘመተው? ለየትኛው መንግሥት?" ይላሉ። ከነዚህ ሽማግሌዎች ውስጥ በደርግ ዘመን ከገበያ ታፍሶ የተወሰደ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የቆሰለ አለ። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜኑ ጦርነት አካሉን ያጣ የእኛው እኩያ አለ። ሕጉ የጠየቀው ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን ነው፤ እኛ ከሕጉ የጠበበ ልብ ሊኖረን አይገባም። የሠራተኛን ሐቅ መያዝ በደል መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል፤ "መንግሥቱን ከወደድከው" የሚል ቅድመ ሁኔታ ግን አልተማርንም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጅማ የሕግ ባለሙያ የሌለባት ከተማ አይደለችም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎ ነበር። ለአንድ ወታደር ማህደር 50 ሰዓት ብዙ ነው። ጠበቆቻችን ሆይ፣ ከዓመቱ አንዱን ማህደር ለአንድ ቁስለኛ ስጡ።

የከተማ ወጣት ደግሞ ጠበቃ ሳይሆን የሚሠራው ብዙ አለ። በየሰፈራችሁ ያለውን የቀድሞ ወታደር ቤት ሂዱ። ያለውን ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ዋናውን ለማንም እንዳይሰጥ ንገሩት። ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን ከነፖስታው አስቀምጡ፤ የይግባኝ ጊዜ ከቀን ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ በየወረቀቱ እንዴት እንደተጻፈ በአንድ ገጽ ዘርዝሩ። አብረውት የዘመቱ ጓዶቹ ካሉ በሕይወት ሳሉ ስማቸውንና አድራሻቸውን ያዙ። ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ ሙሉውን አንብቡለት። ከዚያ እጁን ይዛችሁ ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ውሰዱት፤ ሕክምና ቦርድ ሲቀርብም ብቻውን አይቅረብ።

ሶደቃችሁን አታቁሙ። ዛሬ የራበው ዛሬ መብላት አለበት። ነገር ግን ሳንቲሙን ስትሰጡት አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ "አባባ፣ የጉዳት ጡረታ ጠይቀህ ታውቃለህ? ምን ብለው መለሱልህ?" መልሱን እስከ መጨረሻው አዳምጡት።

አላህ ለሐቅ የምንቆም ያድርገን።