ነጭ ሽንኩርት በአቼቶ፦ ለጉንፋን ይጠጣ ወይስ አይጠጣ?

ደብረ ማርቆስ ብርዱ ገብቷል። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል፣ ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ያስላል። የኔ ኢንቦክስ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል፦ «ዶክተር፣ ያ ቲክቶክ ላይ ያለው በአቼቶ የሚዘፈዘፈው ነጭ ሽንኩርት እውነት ይሠራል?»

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በልኩ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፣ ጉሮሮን ያሞቃል፣ አፍንጫን ይከፍታል፣ ጉንፋኑን ግን አያድነውም። ረጅሙ መልስ እኔንም የሚነካ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩን ፈረንጆቹ «ፋየር ሳይደር» ይሉታል። ስሙን ያወጣችው ሮዝሜሪ ግላድስታር የምትባል አሜሪካዊት የዕፅዋት አዋቂ ናት፤ ከአርባ ዓመት በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የጀመረችው። በኋላ አንድ ድርጅት ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ሌላው እንዳይጠቀምበት ሲል ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2019 ስሙ የሁሉም ነው ተብሎ ተፈረደ። ለሽንኩርትና ለአቼቶ ፍርድ ቤት! እኛ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ቃሪያና ሚጥሚጣ ገባበት፣ ማሩም የጎጃም ማር ሆነ።

እውነቱን ለመናገር የጎጃም ሰው የጉንፋን መድኃኒት ከቲክቶክ የሚማርበት ምክንያት አልነበረም። ዳማ ከሴ በእጅ አሽቶ ማሽተት፣ ጭማቂውን በቡና መጠጣት፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ በሎሚ፣ ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን። የኔ አያት ይህን ሁሉ ታደርግ ነበር፤ አንድም ቪዲዮ አይታ አታውቅም። ስለዚህ «አዲስ ግኝት» እየተባለ ሲነገረኝ ትንሽ ፈገግ ያሰኘኛል።

ወደ ሳይንሱ እንምጣ። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። አብዛኛው ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል፣ ሳሉ ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በአምስተኛው ቀን የጠጣችሁት ማንኛውም ነገር በሰባተኛው ቀን «አዳነኝ» ይባላል። ውሃም ቢሆን።

አቼቶ ጉንፋንን ያሳጥራል የሚል አሳማኝ ጥናት የለም። ነጭ ሽንኩርት ላይ ግን አንድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት አለ፦ 146 ሰዎች ለሦስት ወር ግማሾቹ በየቀኑ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ሽንኩርት የወሰዱት 24 ጊዜ፣ ሌሎቹ 65 ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው። ደስ ይላል፣ ግን አንድ ጥናት ነው፤ ከያዛቸው በኋላም ቢሆን የሕመሙ ርዝመት ብዙም አልተለያየም። ከሁሉም ጠንካራ ማስረጃ ያለው ማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ግምገማ ማር ከተለመደው ሕክምና በተሻለ ሳልን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔም ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከሽሮፕ ይልቅ ማር ነው የማዘው። ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ማሩ ነው ብላችሁ ብታስቡ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

መሥራት ከፈለጋችሁ እንዲህ ሥሩት። የአንድ ሊትር የብርጭቆ ዕቃ በፈላ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ የመዳፍ ያህል ዝንጅብል፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ ከነልጣጩ፣ ካገኛችሁ ትንሽ ጦስኝ ከትፋችሁ ጨምሩ። ሁሉም እስኪሸፈን አቼቶ አፍስሱበት። የአፕል አቼቶ ውድ ነው፤ ነጩም ይሆናል፣ ብቻ ጠርሙሱ ላይ ለምግብ የሚሆንና 5 በመቶ ገደማ አሲድ ያለው መሆኑን አንብቡ። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ አቼቶው ይበላዋልና መሐል ላይ ወረቀት አድርጉ። በአልሙኒየም ድስት አታስቀምጡት፣ አታፍሉትም። ጨለማ ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አስቀምጡና በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከዚያ አጥሉና ማር ጨምሩበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ምግብ ከበላችሁ በኋላ። ሳይበረዝ ከነጠርሙሱ አንጋጦ መጠጣት ጀግንነት አይደለም፤ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ የጥርስን ኢናሜል ይበላል። ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርስ ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጨጓራ ያለበት ሰው ይተወው። (ጨጓራ የሌለበት ሰው ማርቆስ ውስጥ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።) የልብ ቫልቭ የተቀየረላችሁና ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ብዙ ነጭ ሽንኩርት ደማችሁን ከሚገባው በላይ ሊያቀጥነው ይችላልና ክትትል የሚያደርግላችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ «ይጠንክር» ተብሎ ጤና አዳም የተጨመረበትን አትቅመሱ፤ ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያኮማትርና ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ለሕፃን ደግሞ በፍጹም። ይህን «በፍጹም» ለምን በዚህ ድምፅ እንደምለው ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቷ በደቂቃ 64 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ስትተነፍስ የደረቷ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ጡት መጥባት አቅቷታል። ከባድ የሳንባ ምች። ኦክስጅን አደረግንላት፣ መርፌ ተጀመረላት። ከጀመራት ስንት ቀን እንደሆነ ስጠይቅ «አራት» አለችኝ። ምን ሰጠሻት? ዝም። ደግሜ ስጠይቅ ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የጃም ጠርሙስ አወጣች። አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ማር። በቀን ሦስት ጊዜ በሻይ ማንኪያ።

«ለምን ቶሎ አላመጣሻትም?» አልኳት። መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ዶክተር፣ ይቆጣሉ ብዬ ነው።» ማን ነው የሚቆጣው? «እርስዎ።»

ለካ ከወራት በፊት ልጅቷን በተራ ጉንፋን አምጥታት ነበር። ግንባሯ ላይ ዳማ ከሴ ተቀብቶ ስለነበር እኔ፣ ተምሬ ገና መመረቄ ነው፣ በሰው ፊት «ቅጠል ለመቀባት ከሆነ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብያታለሁ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችም። ያኔ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብዬ «እሺ፣ መቀባቱ ይሁን፣ ግን ትንፋሿ ሲፈጥን ሳትውይ ሳታድሪ አምጫት» ብላት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትመጣ ነበር።

ለዚህ ነው ባህላዊ መድኃኒት ላይ የሚያላግጡ የሙያ ባልደረቦቼን ሐሳብ የማልጋራው። ታካሚ ስንቆጣው ቅጠሉን አይተውም፣ ለእኛ መንገሩን ነው የሚተወው። አሁን የበሽታ ታሪክ ስጠይቅ «ቤት ውስጥ ምን ሞከራችሁ?» የምለው በመጀመሪያ ነው፣ ፊቴንም ሳላጠቁር። የሚነግሩኝን ብትሰሙ! አንዳንዴ አዲስ ነገር ተምሬ እወጣለሁ።

ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የማይሰጠው ማሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ንጹሕ ማር ውስጥ እንኳ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ስለዚህ ለሕፃን ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ አፍንጫውን በጨው ውሃ ጠብታ ማጽዳት፣ ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ። በቃ። የባሕር ዛፍ እንፋሎቱንም ከልጆች አርቁ፤ በጉንፋን ሳይሆን በተገለበጠ የፈላ ድስት ተቃጥሎ የሚመጣ ልጅ አለ።

ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ አይደል? ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ እያለ፣ ልብሱን ገልጣችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉንፋን ብቻ አይደለም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደረቱ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከደነዘዘ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ሩጡ። የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ) በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣል፤ ያመለጠው ልጅ ካላችሁ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

እንጥልንም ሳላነሳ አላልፍም። ደጀን፣ ሉማማ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ አካባቢ የምትከታተሉኝ፣ ልጅ ሳለ ወይም ጉሮሮውን አመመው ብሎ «እንጥሉ ወርዷል» እያሉ ማስቆረጥ አሁንም አለ። ዳማ ከሴውን ታገሥኩ፣ አቼቶውን ታገሥኩ፣ ይህን ግን አልታገሥም። ደም አይቆምም፣ ቲታነስ ይገባል፣ ኤችአይቪ ሊተላለፍ ይችላል። ጉሮሮው ደግሞ አይድንም። ጉሮሮው ቀልቶ፣ ነጭ ነገር ይዞ፣ አንገቱ ሥር እጢ አውጥቶ፣ ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ያለው ልጅ ምናልባት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይሆናል። ያ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ የልብ ቫልቭን የሚያበላሽ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ከላይ ዋርፋሪን የሚወስዱ ያልኳችሁ ብዙዎቹ የልባቸው ነገር የተጀመረው በልጅነታቸው እንዲህ ባለ የጉሮሮ ሕመም ነው።

አዋቂዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን፤ አሞክሳሲሊን። ፋርማሲ ገብቶ «ለጉንፋን አሥር ፍሬ ስጠኝ» ማለት። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። የሚገድለው ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን ደግ ባክቴሪያ ነው፣ የቀረው ደግሞ መድኃኒቱን ይላመዳል፣ ከዚያ የእውነት ሲያማችሁ አይሠራም። ስለዚህ አቋሜን ግልጽ ላድርግ፦ ለተራ ጉንፋን አሞክሳሲሊን ከምትውጡ ያንን ጠርሙስ ጠጡ። ቢያንስ ጎረቤት አይጎዳም፣ ከሽታው በቀር።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ አስመርምሩ፤ የቲቢ ምርመራም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ «ንፋስ ይመታናል» እያልን መስኮት ዘግተን መሄዳችንም ይብቃ። ንፋስ ቫይረስ አያመጣም። ከጎናችሁ የሚያስለው ሰውዬ ነው የሚያመጣው።

ጉንፋን ቀላል ነው ለምትሉ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጤሰው በምን ምክንያት እንደሆነ አስታውሱ። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። በድንገት ከፍተኛ ትኩሳትና አጥንት የሚሰብር ሕመም የጣላችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ የስኳር፣ የልብና የአስም ታካሚዎች፣ ቤት ተኝታችሁ አትጠብቁ። ለአስም ታካሚ ደግሞ ያ የኅዳር ጭስ ራሱ ጠላት ነውና በዚያን ቀን በር ዝጉ፤ ያን ቀን ብቻ መስኮት መዝጋት ፈቅጃለሁ።

ልጅቷ ዳነች፤ በስድስተኛው ቀን እየሳቀች ወጣች። ለቀጠሮ ሲመጡ እናትየዋ ያንን የጃም ጠርሙስ ይዛ መጣች፣ አሁን ማር ሞልታበት። «ይኼስ፣ ዓመት ሲሞላት?» አለችኝ። ዓመት ሲሞላት፣ አልኳት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማታ ማታ። አቼቶውንስ ምን አደረግሽው? «ባሌ ሰላጣ በላበት።»