ሥራ ሳይለቁ የነርስነት ዲግሪ፤ ጤና ኬላውስ?

በገጠር ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ተመድበው የሚሠሩ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሥራ ገበታቸውን ሳይለቁ የሙያ ደረጃቸውን ለማሳደግ መፈለጋቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ወደ ገጠሩ እየዘለቁ መሄዳቸው ይህን ፍላጎት ከምንጊዜውም ይበልጥ አነሣሥቶታል። ቀድሞ የተልዕኮ ትምህርት ይባል በነበረበት ዘመን መጽሐፉ በፖስታ ተልኮ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ያው መጽሐፍ ኔትወርክ ባለበት ኮረብታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በመቆም ብቻ በስልክ ይገባል።

ይህ ጉዳይ የሠራተኛዋ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሠራተኛዋ ለትምህርት በምትሄድበት ቀን የተዘጋው የጤና ኬላ በር ፊት ቆሞ የሚመለሰው የገበሬ ማኅበሩ አባል ነው። በአንጻሩ ደግሞ ተምራ ስትመለስ የምታክመው እርሱኑ ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አውቀው አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል። እስካሁን በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ትማር» ተብሎ ዝም ይባላል፤ ወይ «ተምራ ጥላን ልትሄድ ነው» ተብሎ ይታማል። ሁለቱም ጤና ኬላውን አይጠቅሙም።

እንደሚታወቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተያዘው አሠራር በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞችን መመደብ ነበር። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጃገረዶች ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በ16 የጤና ፓኬጆች ሥራ እንዲጀምሩ ተደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። አንድ ቀበሌ እስከ 5,000 የሚደርስ ሕዝብ ይኖርበታል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆነው 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ ተዋቀረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ርቀው በሚገኙ ቦታዎች ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም አዋላጅ ጭምር የሚመደብባቸው አገልግሎታቸው የሰፋ ጤና ኬላዎች እንዲኖሩ አቅዷል። በሌላ አነጋገር ገጠሩ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ያለ ትምህርት ያለው ሠራተኛ እንደሚያስፈልገው በመንግሥትም ታምኖበታል። ይህ ሠራተኛ ከየት ይመጣል ሲባል፣ ገጠሩን ከምታውቀውና መንገዱን በእግሯ ከለካችው ሠራተኛ የተሻለ ምንጭ አይገኝም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስም አይከፋም። በ1970ዎቹ የገበሬ ማኅበራት ራሳቸው ከመካከላቸው እየመረጡ የላኳቸው የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ሦስት ወር ያህል ሠልጥነው ይመለሱ ነበር። ድካማቸውን የሚክስላቸው ማኅበሩ ይሆናል ተብሎ ቢታሰብም በአብዛኛው ሳይሆን ቀረ። ደመወዝም ሆነ ወደፊት የሚያድጉበት የትምህርት ደረጃ ስላልነበራቸው ብዙዎቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ያኔ ሥራውን በነበሩበት መሪዎች ዘንድ ይህ የሚታወስ ይመስለናል። የማደጊያ በር የሌለው ሥራ ሰው አያቆይም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የነርስነት ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አንደኛው በንባብ የሚገኝ ነው፤ የሰውነት አሠራር፣ የበሽታ መንሥኤ፣ የመድኃኒት መጠን፣ የጤና አስተዳደር የመሳሰለው። ይህን ሠራተኛዋ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በስልኳ ልታጠናው ትችላለች። ሁለተኛው በእጅ የሚለመድ ነው። ደም ሥር መፈለግ፣ ቁስል ማጠብ፣ ራሱን የሳተ በሽተኛ ማገላበጥ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ማስቆም በስልክ አይለመድም። በሬ ጠምዶ የማያውቅ ሰው ስለ እርሻ መቶ ገጽ ቢያነብ የመጀመሪያውን ትልም አጣሞ ማውጣቱ አይቀርም። ስለሆነም በሥራ ላይ ሆኖ የሚሰጥ ማንኛውም የነርስነት ትምህርት ሠራተኛዋ ሆስፒታል ገብታ፣ ልምድ ባለው ሰው ሥር ሆና የምትለማመድባቸው ሳምንታት ሊኖሩት ግድ ነው።

ከዚህ የተነሣ መሪዎች አንድ መለያ ሊይዙ ይችላሉ። «ዲግሪው ሙሉ በሙሉ በስልክ ያልቃል፤ ከቀበሌሽ መውጣት አያስፈልግሽም» የሚል ኮሌጅ ከመጣ ደስ ሊላቸው ሳይሆን ሊጠራጠሩት ይገባል።

በተግባር የታየ ምሳሌም አለ። በጎረቤት ኬንያ ከ1998 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤትና አምሬፍ የተባለው የጤና ድርጅት በመተባበር የሰርተፊኬት ነርሶችን ሥራቸውን ሳይለቁ ወደ ዲፕሎማ የሚያሳድግ የኢንተርኔትና የኮምፒዩተር ትምህርት ጀመሩ። ማደግ የነበረባቸው ነርሶች ከ20,000 በላይ ስለነበሩ ሁሉንም ከሥራ አውጥቶ ኮሌጅ ማስገባት የማይታሰብ ነበር። ቢሞከር ኖሮ የታማሚው አልጋ ያለ አስታማሚ ይቀር ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በየሆስፒታሉና በየማሠልጠኛው ተተከሉ፤ ነርሶቹ ንባቡን እዚያው እየሠሩ፣ ልምምዱን ደግሞ በሆስፒታል በአሠልጣኝ ሥር አደረጉ። ፈተናውም እንደማንኛውም ተማሪ ነበር። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ አምሬፍና የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 የትምህርት ሞጁሎችን አዘጋጅተው፣ ንባቡን በቤት፣ ልምምዱን በጤና ተቋም ያደረገ የደረጃ ማሻሻያ ተሰጥቷል። ሁለቱም ትምህርቶች ዲግሪ የሚያሰጡ አልነበሩም፤ አካሄዳቸው ግን ለዲግሪውም ያው ነው።

እንግዲህ መሪዎች በዋናነት ሊነጋገሩበት የሚገባው የልምምዱ ሳምንታት ጉዳይ ነው። ሁለት ሠራተኞች ካሉበት ጤና ኬላ አንዷ ለሦስት ሳምንት ወደ ሆስፒታል ሄደች እንበል። የቀረችው አንዷ ናት። እርሷ ለክትባት ወደ ጎጥ ስትወጣ ጤና ኬላው ይዘጋል፤ ጤና ኬላው ውስጥ ስትቀመጥ ደግሞ ጎጡ ይቀራል። በዚህ መካከል አንዲት እናት ቤቷ ወልዳ ደም ቢፈሳት፣ በጊዜ ካልተገታ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። አምቡላንስ ጠርቶ፣ የመጀመሪያውን እርዳታ ሰጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸኝ ሰው በቦታው መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ሠራተኞች በአንድ ኮሌጅ ተመዝግበው በአንድ ቀን ለልምምድ ቢጠሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይህ የሚደርስ ነገር ነው፤ ጓደኛሞች አብረው መመዝገብ ይወዳሉና።

መፍትሔው ገበሬው ከሚያውቀው ከወንፈል የራቀ አይደለም። አምስቱ ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ስለሆኑ አሥር ያህል ሠራተኞች አሉ ማለት ነው። ከአሥሩ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ለልምምድ እንዳይወጡ፣ ሁለቱም ከተለያየ ጤና ኬላ እንዲሆኑ፣ የወጣችውን ቀን የጎረቤት ቀበሌ ሠራተኛ ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ በሳምንት የተወሰነ ቀን መጥታ እንድትሸፍን፣ በተራዋ ደግሞ ያችኛዋ ስትሄድ ይህችኛዋ እንድትከፍል ማድረግ ይቻላል። ተራውን የሚያወጣው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲሆን የሚያጸድቀው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ነገር ግን የአምስቱ ቀበሌ መሪዎች በአንድነት ካልጠየቁ በስተቀር ይህ ሠንጠረዥ በራሱ ተነሥቶ አይወጣም። እያንዳንዱ ቀበሌ ለብቻው ሲጮህ የሚያገኘው መልስ «የሰው ኃይል እጥረት አለ» የሚል ነው።

ከዚህም ሌላ ወቅቱ መታየት አለበት። መምህራን ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉት በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋልና ማንም አይጎዳም። ይህንኑ ለጤና ሠራተኛ እንዳለ መቅዳት ስሕተት ነው። ክረምት ለጤና ኬላ የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት የሚብስበት፣ ውኃው ተበክሎ ተቅማጥ የሚበረታበት፣ ወንዝ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሻገር የማይቻልበት ወቅት ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ በቆላውና በወይና ደጋው የወባ ጊዜ ነው። በአብዛኛው አካባቢ ለልምምድ መውጫ የሚሻለው ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በእርግጥ ይህ የሠርግ ወቅትም ስለሆነ ሠራተኛዋ ራሷ ብዙም ላትወደው ትችላለች። ኮሌጆች የትምህርት ዘመናቸውን የሚያወጡት ለከተማ እንዲመች አድርገው ስለሆነ፣ ወረዳው ከኮሌጁ ጋር ሲዋዋል ይህን ማንሣት ይኖርበታል።

የማጥናቱ ጉዳይም እንዲሁ የሚነገረውን ያህል ቀላል አይደለም። ሠራተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ እናትም ሚስትም ናት፤ እሳት ያጠፋችው ከቤተሰቡ ሁሉ በኋላ ነው። ኔትወርኩ የሚገኘው ራቅ ብሎ፣ መብራቱም በፈለገ ጊዜ ነው። ማኅበሩ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢሮ መብራት ካለው ማታ ለሁለት ሰዓት ክፍሉን ከፍቶ ማቆየት ብዙ ወጪ የለውም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ለክትባት ማቀዝቀዣ የተተከለውን የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለስልክ መሙያ ማድረግ በፍጹም አይገባም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ የተበላሸ ክትባት ደግሞ በዓይን አይለይም።

ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘቡና የፈቃዱ ነገር ነው። ሠራተኛዋ በግል ስትማር ከደመወዟ እየቆረጠች ለዓመታት ትከፍላለች። አንዳንዷም ከማኅበር ትበደራለች፤ መሪዎችም ዋስ ሁኑ ይባላሉ። የኮሌጅ ፈቃድ የሚሰጠው በስሙ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ከብዙ ጸጸት ያድናል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት ዓይነቱና ለየደረጃው ሲሆን፣ በርቀት ለማስተማርም ራሱን የቻለ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይኸው ኮሌጅ በዋናው ከተማ ለፋርማሲ ፈቃድ ኖሮት፣ በወረዳ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ለነርስነት ላይኖረው ይችላል። ማረጋገጫው የሚገኘው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው እንጂ ከኮሌጁ በራሪ ወረቀት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጠቅላላ ለጊዜው አግዶት እንደነበርም ይታወሳል፤ ምክንያቱ የጥራት ጉድለት ነበር፤ ግራ ተጋብተው የከረሙት ግን ከፍለው የተመዘገቡት ነበሩ።

ከኮሌጅ መውጣትም መጨረሻው አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሙያ ምሩቃን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ተማሪ፣ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደርጓል። ልምምዱን ሳታደርግ ወረቀት ብቻ ያጠራቀመች ተማሪ የምትያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም ዓመቱም አልቋል። እንዲሁም ሠራተኞች በኢንተርኔት የሚወስዷቸው አጫጭር የሙያ ማጎልበቻ ኮርሶች ፈቃድ ለማሳደስ ይጠቅማሉ እንጂ ቢደማመሩ ዲግሪ አይሆኑም። ይህን አሳስቶ የሚያስተዋውቅ ሰው ቢመጣ መሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

«ተምራ ትሄዳለች» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አንልም። የሚሄዱ አሉ። ወረዳው ወይም ክልሉ ከፍሎ ያስተማራት ሠራተኛ የአገልግሎት ግዴታ ስለምትገባ ለተወሰኑ ዓመታት ትቆያለች። በራሷ ገንዘብ የተማረችው ግን እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለባትም፤ ይህም መብቷ ነው። መሪዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ዲግሪዋን ስታገኝ በዚሁ ወረዳ የሚቀበላት የሥራ መደብ አለ ወይ? ብዙ ጊዜ የለም። በጤና ኬላው መዋቅር ውስጥ ለዲግሪ ነርስ ቦታ ካልተያዘ በድሮው ደመወዝ ትቀጥላለች ወይም ቦታ ወዳለበት ትሄዳለች። የወረዳው በጀት ሲወያዩበት፣ የቀበሌ ተወካዮች በምክር ቤቱ ተቀምጠው፣ «በትምህርት ላይ ያሉት ስንት ናቸው? መቼ ይጨርሳሉ? መደባቸው በየትኛው ዓመት በጀት ተይዟል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው መነሣት ያለበት ትምህርቱ ሲጀመር ነው። ከምረቃ በኋላ ሲነሣ የዝውውር ማመልከቻው ቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ይቆያል።

ሠራተኛዋንም ጠርቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። የምዝገባ ወረቀቷን፣ የልምምድ ሳምንታቱን ዝርዝርና የምትለማመድበትን ሆስፒታል ስም ይዛ ብትቀርብ፣ ማኅበሩም በስብሰባ ቀን ለአባላቱ ቢገልጽ፣ በር ተዘግቶ ሲያዩ «የት ሄደች?» የሚለው ሐሜት ይቀንሳል። በሩ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት፣ በዚያ ሳምንት የምትተካው ሠራተኛ ስምና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት፣ ብዙ ነገር ያቃልላል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የጎጥ ተጠሪዎች ቀድመው ይንገሩ፤ በተለይ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት።