የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ ፈጣን ባቡር፦ ወጪው የሚያዋጣው ለማን ነው?

በሐጅ ሰሞን ቦሌ አየር ማረፊያ ደጃፍ የቆመ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። አንድ ሐጃጅ ለመሸኘት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ይመጣል። እናቶች ዱዓ ያደርጋሉ፣ ልጆች ሻንጣ ይገፋሉ። ሐጃጁ ሲመለስም ያው ቤተሰብ ዘምዘሙንና ተምሩን ለመቀበል እንደገና ይሰበሰባል። አላህ ካለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ሁሉ ሰው የሚሄደው ወደ ቦሌ ሳይሆን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ቢሾፍቱ ነው።

በቢሾፍቱ አቡሴራ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። አጠቃላይ ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ውስጥ 30 በመቶውን ራሱ እንደሚሸፍን፣ ቀሪው ከአበዳሪዎች እንደሚመጣ ተገልጿል። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲጠናቀቅ ታቅዷል። በዕቅዱ ውስጥ ደግሞ ብዙ ያልተነጋገርንበት አንድ ነገር አለ፤ አዲሱን አየር ማረፊያ ከቦሌና ከከተማዋ ጋር የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር።

ፈጣን ባቡር ሲባል ማን ይጠላል? ግን ጥያቄው መውደድና መጥላት አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው። ብድሩን የሚከፍሉት ደግሞ ዛሬ በእናቶቻቸው ጀርባ የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ባቡሩ ምን ያህል ይፈጥናል ከማለታችን በፊት ማን ይሳፈርበታል፣ በስንትስ ይሳፈራል ብለን መጠየቅ አለብን።

መንገደኛው ከአየር ማረፊያው ይወጣል ወይ?

አዲሱ አየር ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ተነድፏል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ባቡሩ ጢም ብሎ ይሞላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዲዛይኑ ጋር ይፋ የተደረገው ሌላ ቁጥር ሥዕሉን ይለውጠዋል። ከመንገደኞቹ 80 በመቶ ያህሉ ትራንዚት እንደሚሆኑ ይጠበቃል። ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንዡ የሚሄደው ነጋዴ፣ ከናይሮቢ መጥቶ ወደ ዋሽንግተን የሚያልፈው ተማሪ ከአየር ማረፊያው አይወጣም። ለእርሱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ኖረ አልኖረ አንድ ነው።

እስቲ እናስላው። ከ60 ሚሊዮን ውስጥ 20 በመቶው 12 ሚሊዮን ነው። በቀን ሲከፋፈል ገቢና ወጪውን ጨምሮ ወደ 33 ሺህ ሰው ይሆናል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ መኪናና ታክሲ ትቶ ባቡር መረጠ እንበል። በቀን 8 ሺህ ጥቂት ያለፈ ተሳፋሪ ማለት ነው። ባቡሩ በቀን 18 ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው በሁለቱም አቅጣጫ ቢመላለስ 144 ጉዞ ያደርጋል። በአንድ ጉዞ የሚደርሰው 57 ሰው ነው። ይህ የአንድ ትልቅ አውቶቡስ ሰው ነው። እንግዲህ ለአንድ አውቶቡስ ሰው ሐዲድ፣ ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ባለብዙ ፉርጎ ባቡር እንዘረጋለን ማለት ነው። ያውም ይህ ስሌት አየር ማረፊያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚሞላለት ቆጥሮ ነው። ቦሌ ዛሬ ያለው አቅም 25 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ዑምራ የሄዱ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ የሐረመይንን ባቡር ያነሱ ይሆናል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረውና 450 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ያ መስመር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ መካን፣ ጅዳን፣ የጅዳን አየር ማረፊያና መዲናን ያገናኛል። ጠቀሜታውን ያየ ያውቀዋል። ግን ልዩነቱን እናስተውል። ጅዳ የሚያርፈው ሐጃጅና ዑምራ አድራጊ መድረሻው መካ ነው፤ የግድ ከአየር ማረፊያው ይወጣል፣ የግድም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። የቢሾፍቱ መንገደኛ ግን በአብዛኛው አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ነው። የሐረመይን ባቡር ስለሠራ ብቻ የእኛም ይሠራል ማለት አይቻልም።

ሌሎች ሀገሮች የተማሩት

የአየር ማረፊያ ፈጣን ባቡር የሞከሩ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ትምህርታቸውም ተመሳሳይ ነው። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሀል ከተማ ወደ አየር ማረፊያ በ25 ደቂቃ የሚያደርስ ባቡር ከፈተች። ዋጋው 27.50 የካናዳ ዶላር ነበር። ባቡሩ ባዶውን ይመላለስ ጀመር። በዓመቱ ዋጋው ወደ 12 ዶላር ሲወርድ ተሳፋሪው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ባቡሩም ሐዲዱም ያው ነበር፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። ከመንገደኞቹ ጋር የሰፈር ሰውም ወደ ሥራ ለመሄድ ይሳፈርበት ጀመር።

ዴልሂ የአየር ማረፊያ መስመሯን እ.ኤ.አ. በ2011 ለግል ኩባንያ ሰጥታ ጀመረች። በ2012 በግንባታ ጉድለት ለወራት ተዘጋ፤ በ2013 ኩባንያው ጥሎ ወጣ። የከተማዋ ሜትሮ ተረክቦ ዋጋውን ሲቀንስ ሕዝቡ ተመለሰ።

ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ጋውትሬን እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ዋንጫ ዋዜማ ተከፈተ። ንጹሕና ሰዓቱን አክባሪ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ነገር ግን በውሉ መሠረት ተሳፋሪው ከተገመተው ሲያንስ ልዩነቱን የሚከፍለው የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር መንግሥት ነበር፤ ባለፉት ዓመታት በቢሊዮን የሚቆጠር ራንድ ከፍሏል። በሌላ አነጋገር ባቡሩን ያልተሳፈረው የሶዌቶ ድኻም ለተሳፋሪው ይከፍል ነበር።

ሴኔጋል ደግሞ ከእኛ ጋር በጣም የሚመሳሰል ታሪክ አላት። ከዳካር 47 ኪሎ ሜትር ርቆ የተሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲከፈት ባቡሩ አልደረሰም ነበር። በ2021 መጨረሻ የተመረቀውም የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአየር ማረፊያው ሳይደርስ ዲያምኒያዲዮ ከተማ ላይ ያበቃል። ሆኖም ያ ባቡር ሰው አላጣም። መንገዱ ላይ ባሉ ሰፈሮች እየቆመ ሠራተኛና ተማሪ ስለሚያመላልስ ይሞላል። የአየር ማረፊያ ባቡር ተብሎ የተጀመረው የሕዝብ ባቡር ሆነ፤ ያዋጣውም ይኸው ነው።

የእኛስ ሁለቱ ባቡሮች?

ሩቅ ሳንሄድ በደጃችን ሁለት ምስክሮች አሉን። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህም አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ለብዙ ሺህ ድኻ ወገኖቻችን እፎይታ ነበር። ግን ከ2 እስከ 6 ብር ይከፈልበት የነበረው ታሪፍ ወጪውን አልሸፈነም፤ መለዋወጫ በዶላር የሚገዛ ሆኖ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በየጊዜው ከሥራ ወጡ። ቶሮንቶን የጎዳው የዋጋ ውድነት ነው፤ እኛን የጎዳን ደግሞ ርካሽ ዋጋ አስከፍለን ለጥገናው ሌላ የገንዘብ ምንጭ አለማዘጋጀታችን ነው።

ሁለተኛው በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ነው። ይህ መስመር ቢሾፍቱን አልፎ ነው ሞጆና አዳማ የሚደርሰው። ሐዲዱ አለ፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ያለው የተሳፋሪ ጣቢያ ለቡ በመሆኑ ከመርካቶም ከመገናኛም ሩቅ ነው። ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ባቡር ከሚጓዝበት በፊት ጣቢያው ለመድረስ የሚያየውን ጣጣ ያውቀዋል። ለጅቡቲ መስመር የተበደርነውን ለመክፈል ተቸግረን የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቃችንም የሚረሳ አይደለም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሀገራችን የዩሮቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር በጊዜው ሳትከፍል ቀርታለች። ወለድ በራሱ ለእኛ ለሙስሊሞች ሌላ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ሸክሙ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው የት ነው?

ከኮልፌ፣ ከአየር ጤና ወይም ከመርካቶ ተነስቶ ቦሌ የሚሄድ ሰው በሥራ መውጫ ሰዓት ስንት እንደሚፈጅበት ለአንባቢዎቻችን አንነግርም። ከቦሌ ቢሾፍቱ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቢያደርስ እንኳ፣ ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ከወሰደ የተቆጠበው ጥቂት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ የአዳማው የፍጥነት መንገድ አለ፤ መኪና ያስኬዳል። የሚያንቀው ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ያለው ከተማው ነው። የመንገደኛን ጊዜ መቁጠር ያለብን ከባቡር ጣቢያ ሳይሆን ከቤቱ ደጃፍ ጀምረን ነው።

በሌላ በኩል ባቡሩን በእርግጥ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ማየት ግድ ነው። አንደኛው ሠራተኛው ነው። እንዲህ ያለ አየር ማረፊያ ከፈታሽና ከፅዳት ሠራተኛ እስከ ቴክኒሺያን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይፈልጋል። መንገደኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሳፈር ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ይሳፈራል። ሁለተኛው በቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከምና በቢሾፍቱ የሚኖረውና በየቀኑ በሚኒባስ የሚንገላታው ሕዝብ ነው። ሦስተኛው ከክልል የሚመጣው መንገደኛ ነው። የሀገር ውስጥ በረራ ቦሌ ላይ ከቀረ፣ ከጅግጅጋ ወይም ከሰመራ በአውሮፕላን የመጣ ሐጃጅ ሻንጣውን ይዞ ቢሾፍቱ መድረስ አለበት። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ለሥራ የምትሄደው እህታችንም ከወሎ በአውቶቡስ መጥታ፣ ከተማውን ሳታውቅ፣ በእጇ ጥቂት ብር ይዛ እዚያ መድረስ አለባት። ለእርሷ የዚህ ባቡር ዋጋ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኛ አቋም

ባቡሩ ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሳችን እንደ ባቡሩ ዓይነት ነው የሚል ነው። ከቦሌ ተነስቶ የትም ሳይቆም ቢሾፍቱ የሚደርስ፣ በዶላር የሚታሰብ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ለውጭ እንግዳና ለባለሀብት ብቻ የሚሆን ባቡር አያዋጣም። እንዲህ ያለው በብድር የተገዛ እስራፍ ነው። ለዚያ ዓይነት መንገደኛ በፍጥነት መንገዱ ላይ በየአሥር ደቂቃው የሚነሱ ጥሩ አውቶቡሶችና በከተማው ውስጥ ለእነርሱ ብቻ የተከለለ መስመር በእጅግ ባነሰ ወጪ ይበቁታል።

መንገድ ላይ በሚገኙት ከተሞች የሚቆም፣ ሠራተኛው ወርኃዊ ትኬት የሚገዛበት፣ ከቀላል ባቡሩና ከከተማ አውቶቡሶች ጋር የሚገናኝ ባቡር ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፤ ግን ይሞላል። የሚሞላ ባቡር ዕዳውን የመክፈል ተስፋ አለው፤ ለድኻውም ይደርሳል።

ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የባቡሩ ወጪ ከአየር ማረፊያው ወጪ ተለይቶ ይታይ። ሁለተኛ፣ የተሳፋሪው ግምት ትራንዚቱን ሳይጨምር ይቅረብ፤ ግምቱ ሳይሳካ ቢቀር ኪሳራውን ማን እንደሚሸከምም ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ይወሰን፤ የቀላል ባቡሩ ታሪክ እንዳይደገም።

ለዚህ አየር ማረፊያ ሲባል የአቡሴራ አርሶ አደሮች ከአያት ቅድመ አያት መሬታቸው ተነስተዋል። እነርሱ የከፈሉት በዶላር አይለካም። ቢያንስ ልጆቻቸው ጠዋት ተሳፍረው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት የሚሄዱበት ባቡር ሊሆን ይገባል፤ በአጠገባቸው በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየበረረ የሚያልፋቸው ሳይሆን።

ሹራ ከውሳኔ በፊት ነው የሚጠቅመው። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ የሚደረግ ምክክር ጸጸት ብቻ ነው። አላህ ለሀገራችንና ለሕዝባችን ኸይር የሆነውን ይምረጥልን።